አላውቅም የማይል ሳጥን

ሻኪሶ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ለጋሼ ኦላና፣

አካም ጅርቱ፣ ናጋ ኖት ወይ፣ ሥራዎትስ፣ የዛ አገር ብርድስ እንዴት አድርጎታል፣ እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። እኔ ጃለኔ ነኝ፣ የአጎትዎ ልጅ ልጅ፣ ነገሌ ከገበያው ጀርባ ያለው ቤት፣ እርሶ ጀርመን ሊሄዱ ሲሉ እንዳይሄዱ ብዬ ጫማዎን በርሜል ውስጥ የደበቅኩት። አሁን አግብቼ ሻኪሶ ነኝ።

በስልክ ያልደወልኩት ስልኩ ባሌ ኪስ ስለሚውል ነው፣ ዶዮ ይባላል። ይህን ወረቀት የሚያደርስልኝ ዲባ የሚባል የሃዋሳ ሚኒባስ ሾፌር ነው፣ ሃዋሳ ሲገባ ፎቶ አንስቶ ይልክሎታል፣ እርሶ ሲመልሱ ደሞ እዛው አሳትሞ ያመጣልኛል። እስከ ስድስት ብቻ ነው የተማርኩት፣ ፊደሌ ካልተነበበ ይቅርታ።

ልጅ አለችኝ ሰንበቴ ትባላለች፣ ዓመት አልፏታል፣ ግድግዳ ይዛ መራመድ ጀምራ ነበር። ከዘመን መለወጫ ወዲህ መዳፏና የእግሯ ጣቶች ቀይ ሆነው እንደ ሽንኩርት ይላጣሉ፣ ሳትሮጥ ያልባታል፣ ብርሃን ስታይ ፊቷን ጡቴ ውስጥ ትቀብራለች፣ ስታለቅስ ማባበያ የላትም። አማቴ እማማ ሸምሳ ዓይን ነው አሉ፣ ጤና ጣቢያ ሙቀት ነው ብለው ቅባት ሰጡን።

ዶዮ ወርቅ ይገዛል። ከወንዝ የሚያመጡለት ከሜርኩሪ ጋር ተለውሶ ነው፣ ሊጥ ይመስላል፣ እሱን ጓሮ በመጥበሻ ያነደዋል፣ ጭሱ ይሄዳል ወርቁ ይቀራል። አንዲት ጎረቤት ልጅሽን የሚበላት ጭሱ ነው አለችኝ። ለዶዮ ብነግረው ሳቀብኝ፣ «እኔ መጥበሻው ላይ ተደፍቼ የምውለው አልሞትኩ፣ እሷን በግድግዳ አልፎ ነው የሚገድላት?» አለ። እኔ ግን ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ ጋሼ።

እርሶ መርዝ የሚያሸት ዕቃ ይሠራሉ ይባላል፣ እኔ የምለምነው እሱን አይደለም፣ ሃዋሳ ሐኪም ዘንድ የማደርስበትን ብር ነው። ዕድሜዎትን ያርዝመው፣ የሚሰጥ እጅ አይንሳዎት።

ጃለኔ

—

ፍራይበርግ፣ ኅዳር 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጃለኔ፣

ሰላምሽ እንደ ዳዋ ወንዝ ይፍሰስ። ጫማዬን እስካሁን አልረሳሁም፤ በነጠላ ጫማ ነው አዲስ አበባ የገባሁት።

ስለ ሕፃኗ የጻፍሽልኝን አነበብኩ። የሚገርመው የእኔ ሥራ ይኸው ነው። ኳርትዝ በሚባል ቀጭን ድንጋይ ላይ፣ ላዩን ብቻ ታክኮ፣ በዓይን የማይታይ ሞገድ ከጫፍ ጫፍ እንዲሮጥ እናደርጋለን፤ ኩሬ ላይ ጠጠር ሲጣል እንደሚሄደው ዓይነት። በመንገዱ ላይ ወርቅ ቀብተንበታል። ሜርኩሪ ደግሞ ወርቅ ካገኘ አያልፍም፣ ይጣበቃል። ሲጣበቅ ሞገዱ ጭነት እንደበዛባት አህያ ይዘገያል፣ እኛ ያንን መዘግየት እንለካለን። ዓመታት የለፋነው ስሜቱን ለመሳል ነው፤ ወርቁን አቅጥነን ሞገዱን አፍጥነን፣ አሁን ማንም የማይሰማውን ቅንጣት ይሰማል።

ሐኪም መልካም ነው፣ ግን ምክንያቱን ሳያውቅ ሌላ ቅባት ይሰጥሻል። መጀመሪያ እንለካ። አንዱን ሳጥን በፖስታ ለዲባ ልኬዋለሁ። በሕፃኗ መኝታ ቁመት አስቀምጪና ቁልፉን ተጫኚ። አረንጓዴ ከበራ አየሩ ንጹሕ ነው፣ ቀይ ከበራ መርዝ አለ። ሳምንት ሲሞላው በጎኑ ያለችውን፣ ልኬቱን የምትመዘግበውን ካርድ ለዲባ ስጪው። የሐኪሙ ነገር ከውጤቱ በኋላ ይደርሳል።

ወንድምሽ ኦላና

—

ሻኪሶ፣ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኦላና፣

እንደምን ሰነበቱ፣ ሳጥኑ በሰላም ገብቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪም ብዬ ሳጥን ሲመጣልኝ ከፍቶኝ ነበር፣ መዋሸት አልችልም፣ ግን እርሶ ያውቃሉ ብዬ ዝም አልኩ።

ዶዮ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ወርቅ አለበት ስለው ዓይኑ በራ፣ «ስንት ግራም?» አለ። ጥፍር አታክልም ስለው «ጀርመን ድረስ ሄዶ ይቺን ነው የቀባው?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

እማማ ሸምሳ ደሞ ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ሳይመረቅ ደፍ አያልፍም ብለው በር ላይ ይዘውት ቅቤ ቀቡት፣ እንደ ሙሽራ አናቱን፣ ያቺን የምታብረቀርቀዋን ፊቱንም አሹለት፣ «እውነት ተናገር፣ ይሄን ቤት አታሳፍር» ብለው ተፉበት። እንዳያዳልጠኝ በጨርቅ ወለወልኩትና አበራሁት። አረንጓዴ ሆነ። ሳምንቱን በሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ዶዮ ጓሮ ሲያነድም አረንጓዴ ነው። ካርዷ ይቻትና።

ሰንበቴ ግን እንደዛው ናት። አሁን ደሞ እጇን የፈላ ውሃ እንደነካው ሰው እያራገፈች ነው የምታለቅሰው። የሚሉኝን እጠብቃለሁ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርዎት።

ጃለኔ

—

ፍራይበርግ፣ የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጃለኔ፣

ሰላምና ጤና ለመላው ቤተሰብ። ካርዱን አየሁት፣ ደስ ይበልሽ። ሞገዱ ገና ከመነሻው ደከም ብሎ ነበር፣ መንገድ ላይ ተንገላቶ ይሆናል፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ቤታችሁ ንጹሕ ነው። የሕፃኗን ሕመም ሌላ ምክንያት ፈልጉለት። ለሐኪሙ የሚሆነውን ለዲባ ልኬያለሁ።

ለዶዮ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ በሥራው አይሳቀቅ። ዶዮም ማየት ይፈልግ ይሆናል ብዬ ውጤቱን በተቋማችን ወረቀት ላይ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ከእውነተኛ የወርቅ ከተማ የመጣ መረጃ ስለሆነ አለቆቼም ተደስተዋል፣ ሪፖርታችን ውስጥ ገብቷል።

ኦላና

—

ሻኪሶ፣ ግንቦት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ኦላና፣

ሰላም ላንተ ይሁን። አንቱ አላልኩህም፣ ሳላውቅ አይደለም፣ አንቱ የምላቸው አማቴን ነው፣ እሳቸው ቢያንስ ልጄን አቅፈው ያውቃሉ።

ይሄን ያህል የቆየሁት በእጄ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደሉን እየው እንደ ጉንዳን መንገድ ሆኗል፣ አፌ ውስጥም ሳንቲም የያዝኩ ይመስለኛል።

ያ የፈረምክበት ወረቀት ምን እንደሠራ ልንገርህ። ዶዮ ሰፈሩን ሰብስቦ አነበበው፣ አንብቦ ሳመው፣ «ዶክተር ፈርሟል! የሴት ወሬ ይብቃ!» አለ። ድሮ ጓሮ ሲያነድ ወርቁን ሰው ያይብኛል ብሎ ይሳቀቅ ነበር፣ ዝናቡም መጣ፣ ታዲያ ቤቱ ንጹሕ ከሆነ ብሎ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባው፣ የምንተኛበት ክፍል ኦላና፣ ሌላ ክፍል መቼ አለንና። እሱ አይደለም ያስገባው፣ አንተ ነህ ያስገባኸው።

እና ሳጥንህ እዛው መደርደሪያው ላይ አለ፣ ጭሱ ይዞረዋል፣ አረንጓዴ ነው። መጥበሻው ከሥሩ ይጨሳል፣ አረንጓዴ ነው። ያን ጊዜ ነው ከልጄ ሕመም ይልቅ ሳጥንህን የፈራሁት። እሳት መሃል የቆመ ሰው አልሞቀኝም ቢልህ ታምነዋለህ?

ሃዋሳ አንድ ክሊኒክ ሄድን፣ በላክልኝ ነው፣ አልካድኩም። ሐኪሙ የሰንበቴን መዳፍ አገላብጦ አየና «ቤታችሁ ወርቅ የሚያነድ ሰው አለ?» አለ። አዎ ልል አፌን ስከፍት ዶዮ ያንተን ወረቀት ከደረት ኪሱ አወጣዋ። ሐኪሙ አነበበ፣ ማኅተሙን አየ፣ «ይሄማ በባለሙያ ተለክቷል» አለና ሌላ ነገር መጠየቅ ጀመረ፣ ቫይታሚን አዘዘልን። ልጄ መዳኛዋ በር ድረስ ሄዳ አንተ ዘጋህባት።

አሁን አትቆምም። ፀጉሯ በእጄ እየመጣ ነው። ስሟ ሰንበቴ ነው፣ ሁለት ጊዜ ጻፍክልኝ ሁለቴም «ሕፃኗ» ነው ያልካት። የጻፍኩልህን አንብበኸዋል ወይስ የመብራቱን ቀለም ብቻ ነው የፈለግከው? ቁጭ በልና እንደገና አንብበው።

ጃለኔ

—

ፍራይበርግ፣ ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

እህቴ ጃለኔ፣

ቁጣሽ ይገባኛል። እንዳልሽው ቁጭ ብዬ እንደገና አነበብኩት። ቅቤ።

ነግረሽኝ ነበር፣ እኔ አልፌዋለሁ። ፊቱን አትንኩት ብዬም አልጻፍኩልሽም፤ እዚህ ጓንት ያላጠለቀ ሰው ክፍሉ ውስጥ ስለማይገባ ማስጠንቀቅ አልታየኝም። የሞገዱን ስሜት በሳልነው ቁጥር መርዙ ብቻ ሳይሆን ላብም አቧራም ይነካዋል። አንቺ ብትወለውይውም ዓይን የማያየው ስስ ቅቤ ወርቁ ላይ እንደ ቆዳ ቀርቷል። ሜርኩሪው ወርቁን አላገኘውም። ሳጥኑ ደግሞ ሲበራ ያገኘውን ሁሉ ባዶ ነው ብሎ ነው የሚነሳው፣ ቅቤውንም እንደዚያው። ሞገዱ ከመነሻው ደክሞ የነበረው በቅቤው ነው፣ እኔ መንገድ ነው አልኩ።

ፊቱን በጥጥና በአልኮል ጥረጊው። ከዚያ ውጭ አውጥተሽ በሥሩ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫኚ፣ ወርቁን አሙቃ የያዘውን ታራግፋለች። ከዚያ ዶዮ ሲያነድ አንድ ጊዜ ብቻ አጠገቡ አስቀምጪልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለማረጋገጥ። ያለ ልኬት በጽሑፍ ምንም ማለት አልችልም፣ የፊተኛው ውጤት በሪፖርት ወጥቷል፣ ማንሳቱ ቀላል አይደለም። አንቺ ግን እስከዚያ ከሕፃኗ ጋር ከዚያ ክፍል ውጪ።

ኦላና

—

ሻኪሶ፣ ሰኔ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ኦላና፣

አንድ ጊዜ ብቻ? ልጄን መጥበሻው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ላስቀምጥልህ? እኔ እዚህ ያንተ ኩሬ ነኝ እንዴ ጠጠር የምትጥልብኝ? አሁንም «ሕፃኗ»!

ጠረግኩት። እንዳልከው አድርጌ አራገፍኩት። እሳት አላስነሳሁም፣ ማንም አላነደደም፣ ዶዮ ሻይ ቤት ነበር። የሰንበቴን ብርድ ልብስ መሬት ላይ ዘርግቼ ሳጥኑን መሃሉ አኖርኩት፣ ዞር ብዬ በሩን ሳልዘጋ ቀይ ሆነ። በብርድ ልብሷ ብቻ ኦላና። ያቀፍኳት በመርዝ ነው፣ ስታለቅስ ያለበስኳት መርዝ ነው። ይኸው ልኬትህ፣ ብላ!

ይዣት ነገሌ እናቴ ጋ እሄዳለሁ አልኩ፣ ዶዮ አይሆንም አለ። ያለ ሽማግሌ ቃል ብወጣ ልጄን ተከትለው ይነጥቁኛል፣ አንተም የዚህ አገር ሰው ነህ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ሽማግሌ አስቀመጥኩ። ኦቦ ጋልጋሎ መሃል ተቀመጡ፣ ሳጥኑን አምጥቼ ቀዩን አሳየኋቸው። ዶዮ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «ቅቤ ተቀብቶ ሲመረቅ ንጹሕ ነው አለ፣ ምርቃቱን ጠርጋ ስታነሳበት መርዝ ነው አለ። አባቶቼ፣ የሚታመነው የተመረቀው ነው ወይስ የተረገመው?» ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሽማግሌዎቹም ሳቁ። እማማ ሸምሳ ግን አልሳቁም፣ እጃቸውን ነው የሚያዩት።

ከዛ ያንተን ወረቀት ዘረጋ። ኦቦ ጋልጋሎ አስነብበው ሰሙና «ከሩቅ ሆኖ የፈረመ ሰው ቃል በመብራት አይፈርስም፣ ያሰረው ራሱ ይፍታው» አሉ። ዲባ ደርሶ እስኪመለስ ቀጠሩን።

ብር አልፈልግም። ሐኪም አልለምንህም። ሁለተኛ ሳጥን አትላክልኝ። የምፈልገው አንድ ቃል ነው፣ ተሳስቻለሁ በል። ሞገድ፣ ኳርትዝ፣ ሪፖርት፣ ምናምን የለበትም፣ ዶዮ እንዲገባው፣ ኦቦ ጋልጋሎ እንዲገባቸው፣ በዛው ማኅተም ባለበት ወረቀት። ያን ጊዜ ንጹሕ ነው ለማለት አልከበደህም፣ አሁን ምን ከበደህ?

ለሳጥንህ ሁለት መብራት ብቻ አበጀህለት። እዚህ መንገድ የጠየቁት ሰው ካላወቀ አላውቅም ይላል፣ ነውር የለውም። ያንተ ሳጥን አላውቅም አይልም፣ ካንተ ነው የወጣው።

እኔና እሷ ጎረቤት ማድ ቤት ነው የምንተኛው። ቶሎ በል።

ጃለኔ

—

ፍራይበርግ፣ ሰኔ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ዶዮና ለኦቦ ጋልጋሎ፣ በሽማግሌዎች ፊት የሚነበብ።

ሰላም ለጉባኤው ይሁን። እኔ ኦላና ተሳስቻለሁ። የየካቲቱ ወረቀቴ ሐሰት ነው፣ ቅደዱት። ሳጥኑ ዓይኑ ተሸፍኖ ነበር፤ ዓይኑ የተሸፈነ ምስክር አላየሁም ማለት ሲገባው የለም አለ፣ እኔም ሳልመረምር ፈረምኩለት። ቀዩ መብራት እውነት ነው። ሰንበቴን የመረዛት የሜርኩሪው ጭስ ነው። ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ትውጣ፣ ሐኪምም ይህን ወረቀት ያንብብ። ቅቤ የቀቡት እናት መረቁ እንጂ አላጠፉም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሪፖርቱ እንዲነሳ ዛሬ ጠይቄያለሁ።

ኦላና

—

ነገሌ ቦረና፣ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኦላና፣

እንዴት ነህ። እኛ ነገሌ ነን፣ እናቴ ሰላም ትልሃለች፣ እኔ ሰላም ልበልህ አልበልህ ገና አልወሰንኩም።

ወረቀትህ ተነበበ። ዶዮ «እስቲ ድገሙት» አለ፣ ደገሙት፣ ፊቱ አመድ መሰለ። እማማ ሸምሳ ተነሥተው ገቡና ምድጃውን ከነአመዱ እየጎተቱ አወጡት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጡት፣ «ሳጥኑን ያሳወርኩት እኔ ነኝ፣ ይሄ ካልወጣ ከምራቴ ጋር እኔም እወጣለሁ» አሉ። ኦቦ ጋልጋሎ ሂጂ አሉኝ። የዛኑ ቀን በዲባ መኪና ወጣን፣ ብርድ ልብሱን ጥዬው።

አሁን ያየን ሐኪም ወረቀትህን ካነበበ በኋላ መርዙን የሚያወጣ መድኃኒት አስመጣላት። መዳፏ ቆዳ ይዟል፣ ትቀመጣለች፣ ከብርሃንም አትደበቅም። መራመድ ግን የለም፣ ትመለስበታለች አትመለስበትም ስለው ሐኪሙ «አላውቅም» አለኝ፣ አመሰገንኩት። ኦላና፣ ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለውን ማንም አይመልስላትም። ይቅር አላልኩህም፣ እንድታውቀው ነው።

አዲሱ ሳጥን ደርሷል፣ አትላክ ብዬህ ላክኸው። ፊቱ ላይ እንደ ወንፊት ያለ መሸፈኛ አድርገህለታል፣ ጣት አይገባም፣ ሲበራም መጀመሪያ ራሱን መርምሮ ካልተማመነ ቢጫ ይበራል። ቢጫው የኔ ቁጣ እንደሆነ ጽፈሃል። ይሁን።

ባለፈው እሁድ ዶዮ መጣ። ቤት ማነደድ ትቷል ይላሉ፣ ወንዝ ዳር ነው የሚሠራው። ባጃጅ በር ላይ ጣለው፣ ማር ይዟል፣ ወርቅ ሲያነድ የሚለብሰውን የሥራ ኮቱን እንደለበሰ። በሩ ላይ አስቆምኩትና ሳጥኑን ወደ ኪሱ አስጠጋሁ፣ ቀይ።

«አውልቅ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ኮቱን። ሸሚዙንም። ሱሪውንም።»

«ነገሌ መሃል? ሰው ምን ይላል?»

«የሻኪሶ ሀብታም ይላላ።»

አልሳቀም። ግቢው ጥግ ሄዶ አወለቀ፣ እናቴ በርሜሉን አሳየችው፣ ያው ያንተ ጫማ የነበረበት በርሜል ነው፣ ታጠበ፣ የአባቴን ሽርጥ ሰጠሁት። ሳጥኑን አሙቄ አራግፌ እንደገና አበራሁት። ቢጫ ሆነ። ውሃ እየተንጠባጠበ ስለቀረበው ነው መሰለኝ።

«ይሄ ደሞ ምንድነው?» አለ።

«አላውቅም እያለ ነው። ቁም።»

ያ ሲስቅብኝ የኖረ ሰው ሽርጡን ይዞ ቆመ፣ እኔን አያይም፣ መብራቱን ነው የሚያየው። ሰንበቴ ድምፁን ሰምታ ከውስጥ «አባ» አለች። እግሩ ደፉ ላይ ነበር።

አሁንም ቢጫ ነው። አልገባም፣ ጠበቀ።

ጃለኔ